የፊት ሞላ ተሰብሮ ጎማ ሲቀድ፦ የደረሰባችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ጻፉ

መንገደኛዋ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)፣ ጥር 14

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የደረሰብኝን በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ያጋጠማችሁ ሰዎች የምታውቁትን እንድትነግሩኝ፣ ሌሎችም መኪናቸውን አስቀድመው እንዲያዩ ስለምፈልግ ነው።

መኪናዬ 11 ዓመት ያገለገለች፣ 118,000 ማይል የሄደች የቤት መኪና ናት። በዚያ ጠዋት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ከግቢያችን ስወጣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳጠመዝዝ፣ ከፊት በኩል ወፍራም ብረት ሲሚንቶ ላይ የወደቀ የሚመስል አንድ ኃይለኛ ድምፅ ሰማሁ። ከፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው ቆርቆሮ) ሥር የተጋገረ በረዶ የተላቀቀ መስሎኝ ወርጄም አላየሁም። ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ አውራ ጎዳናው ላይ እስክወጣ ድረስ 15 ደቂቃ ያህል ነድቻለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናዋ በመንገዱ ስንጥቆች ላይ ስታልፍ ከወትሮው ትንሽ ጠንከር ከማለቷ በቀር ምንም የተለየ ነገር አልታየኝም።

ፍጥነቴ 60 ማይል አካባቢ ሲደርስ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ሽታው ከፊቴ ካለው ከባድ መኪና የመጣ ነው እያልኩ ሳስብ የቀኙ የፊት ጎማ ፈነዳና መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። ፍሬን ሳልረግጥ መሪውን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ አንሥቼ ቀስ በቀስ ወደ መንገዱ ዳር ወጣሁ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ሰው ርቀቱን ጠብቆ ባይነዳ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። ልጆቼ ከኋላ ወንበር ላይ ከወረዱ ገና 10 ደቂቃ እንኳን አልሞላቸውም ነበር።

መኪናዬን ሊጎትት የመጣው ሰው የእጅ ባትሪውን አብርቶ ወደ ውስጥ ሲያሳየኝ ምክንያቱ ወዲያው ታየ። የሞላው፣ ማለትም በጎማው በኩል የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው የተጠቀለለ ብረት፣ የታችኛው ዙር ተሰብሯል፤ የቀረው ሞላ ከማረፊያው ወጥቶ ሹል ጫፉ ጎማው ላይ ተቀምጧል። ጎማው ከውስጥ በኩል፣ ከመንገድ ላይ ቆሞ ለሚያየው ሰው በማይታይበት ጎኑ፣ ዙሪያውን በቢላ እንደ ተከረከመ ያህል ተቆርጧል። የተሰበረችውን ቁራጭ፣ ከመዳፌ ርዝመት የማትበልጠውን፣ ይዤ ወደ ቤት ገብቻለሁ። የስብራቱን ፊት በብርሃን ሳየው በአንድ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ ዝገት አለች፤ የተቀረው ግን አሁን የተቆረጠ ይመስል ግራጫና አንጸባራቂ ነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ይህን የሚያመጣው በክረምት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ነው ወይስ ጉድጓድ? ጋራዡ ያልተሰበረውን የግራውንም ሞላ እንድቀይር ይመክረኛል፤ በእርግጥ አስፈላጊ ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ማወቅ የምችልበት ምልክት ነበር ወይ?

---

ባለጋራዡ (አዲስ አበባ፣ ጎተራ)፣ ጥር 14

እህቴ፣ እንኳን ከክፉ ተረፉ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ 22 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የጻፉትን ዓይነት ጎማ በእጄ ይዤ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የመኪናው ፊት እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች፣ እዚህ አገር በብዛት የምናያቸውን ቪትዝንና ኮሮላን ጨምሮ፣ ፊታቸው የተሠራው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ሞላውና ሾኩ (የመኪናውን መንጠር የሚያበርደው ቱቦ) ተገጣጥመው እንደ አንድ ምሰሶ ይቆማሉ። የሞላው የታችኛው ጫፍ የሚያርፈው ከሾኩ ጋር በተበየደ ሳህን መሰል ማረፊያ ላይ ነው፤ ይህ ማረፊያ ደግሞ ከጎማው አናት ጎን ለጎን የሚቆም ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በብዙ መኪናዎች ላይ ሁለት ጣት አያስገባም። እንግዲህ የታችኛው ዙር ሲሰበር፣ በላዩ የተጫነው 300 ኪሎ ያህል ክብደት ሞላውን ወደ ታችና ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ከማረፊያው ሲወጣ የሚያገኘው የመጀመሪያ ነገር ጎማው ነው።

የጎማው ጥርስ ያለበት ክፍል ከሥሩ የብረት ሽቦ ስላለው ምስማር ቢወጋው እንኳን ይቋቋማል። ጎኑ ግን በቤት መኪና ጎማ ላይ ከላስቲክና ከክር በቀር ምንም የለውም። በ60 ማይል ፍጥነት መካከለኛ ጎማ በደቂቃ ከ800 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ስለዚህ ያ ሹል ብረት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያንኑ መስመር ከ800 ጊዜ በላይ ይፍቀዋል ማለት ነው። የሸተተዎት የራስዎ ጎማ ነበር።

ስለ ምልክቱ ለጠየቁት፦ ብዙውን ጊዜ አለ። መኪናው ቆሞ ወይም ቀስ ብሎ እየሄደ መሪው ሲጠመዘዝ «ጓ» ወይም «ድን» የሚል፣ የክራር ጅማት ሲለቀቅ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ሞላው ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞር ስለሆነ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተሰበረ ዙር ከቦታው ሲንሸራተት ይጮኻል። ችግሩ ከላይ ያለው ኩሽኔታ (ምሰሶው ከመሪው ጋር እንዲዞር የሚያደርገው) ሲደርቅም ተመሳሳይ ድምፅ ስላለው ብዙ ሰው፣ ብዙ መካኒክም፣ በኩሽኔታው ወይም በቴስቲናው (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ) ያሳብባል። ሁለተኛው ምልክት ከፍታ ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ይለኩ፤ በግራና በቀኝ መካከል ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል በላይ ልዩነት ካለ ዝም ብለው አይለፉት።

ሁለቱም ይቀየሩ የተባሉት ምክር ትክክል ነው። ሁለቱ ሞላዎች ዕድሜያቸው አንድ፣ የሄዱበት መንገድ አንድ ነው። አንዱን አዲስ አድርገው ሌላውን አሮጌ ቢተዉት መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን የእኔ ፍርሃት ቀሪውም በቅርቡ መሰበሩ ነው።

---

የቶሮንቶው መሐንዲስ፣ ጥር 15

በሙያዬ የብረታ ብረት መሐንዲስ ስለሆንኩ፣ እህታችን በስብራቱ ፊት ላይ ስላየቻት ቡናማ ጥፍር መጻፍ እፈልጋለሁ። ለጥያቄዋ መልሱ ያለው እዚያች ላይ ነው።

የመኪና ሞላ ከውጭ ሲታይ የሚጨመቅና የሚለቀቅ ይመስላል እንጂ፣ ሽቦው በውስጡ የሚሠራው መጠምዘዝ ነው። ትልቁ ጫና የሚያርፈው በሽቦው ልብ ላይ ሳይሆን በቆዳው ላይ ነው። ስለዚህ አምራቾች ሲሊከንና ክሮሚየም የተቀላቀለበትን ጠንካራ ብረት አግለው፣ በዘይት አቀዝቅዘው፣ እንደገና በመጠኑ አሙቀው ካጠነከሩት በኋላ፣ ቆዳውን በጥቃቅን የብረት ጠጠሮች ይደበድቡታል፤ ይህም የላይኛው ሽፋን እርስ በርሱ ተጨቁኖ እንዲቆይና ስንጥቅ እንዳይጀምር ያደርጋል። በመጨረሻ ከዝገት የሚከላከል ቀለም ይቀባል።

ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚሸነፈው በአንዲት ቦታ ነው፤ የታችኛው ዙር ማረፊያውን በሚነካበት ነጥብ። እዚያ አሸዋና ጭቃ ይጠራቀማል፤ ሞላው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አሸዋው ቀለሙን ይሞርደዋል። ቀለሙ ሲሄድ ጨዋማ ውኃ ከብረቱ ጋር ይገናኝና ጥቃቅን ጉድጓዶችን ይቆፍራል። የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ በቂ ናት፤ ከእርሷ የሚነሣው ስንጥቅ በእያንዳንዱ የመንገድ ንዝረት በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ቡናማዋ ጥፍር ያ አሮጌ ስንጥቅ ናት፤ ምናልባት ለሳምንታት ወይም ለወራት ውኃ ሲገባባት ቆይታለች። ግራጫው ክፍል ደግሞ ያን ጠዋት በአንድ ጊዜ የተሰበረው ነው። በብርቱ ቅዝቃዜ ብረት ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ስለሚቀንስ፣ እንዲህ ያለ ስብራት በክረምት ማለዳ፣ ገና ከቆመበት ሲነሣ መድረሱ የሚጠበቅ ነው።

ስለዚህ ጨው ነው ወይስ ጉድጓድ ለሚለው ጥያቄ እኔ የምሰጠው መልስ ጨው ይጀምረዋል፣ መንገድ ይጨርሰዋል የሚል ነው። በተለይ መታወቅ ያለበት፣ ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ካለፈ በረዶ የማቅለጥ ኃይሉ ስለሚዳከም፣ በእኛ አካባቢ የማግኒዚየምና የካልሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ይጨመራል። እነዚህ ከአየር እርጥበት ስለሚስቡ መንገዱ ደርቆ እንኳን መኪናው ሥር እርጥብ ሆነው ይቆያሉ። መኪናን በክረምት ማጠብ ትርጉም የለውም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እኔ ግን ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ከሥር በውኃ አስጠርጋለሁ፣ ለሞላው ማረፊያም ቱቦውን ራሴ እይዛለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። አምራቾች ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበልጥ ጠንካራ በሆነ ብረት ቀጠን ያለ ሽቦ ወደ መጠቀም ሄደዋል። ብረት በጠነከረ መጠን ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቷ ጥቃቅን የዝገት ጉድጓድ ይበልጥ በቀላሉ ይሸነፋል።

---

ኮሎምበስ ኦሃዮ፣ ጥር 15

እኔ የምተዳደረው ሰው በማመላለስ ነው፤ በቀን 10 ሰዓት መሪ ላይ ነኝ። ባለጋራዡ የጻፉትን ድምፅ ለሦስት ሳምንት ሰምቼዋለሁ። አየር ማረፊያ ተሳፋሪ አውርጄ መሪውን ስጠመዝዝ «ድን» ይላል፤ መንገድ ላይ ግን ይጠፋል። ጋራዥ ወስጄ ቴስቲናውና ጎሚኒው (በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለው ላስቲክ) ተቀየረልኝ፤ ክፍያውን ከፍዬ ስወጣ በዚያው በጋራዡ በር ላይ ድምፁ እንደገና ጮኸ። ተመልሼ ስነግራቸው አዲስ ዕቃ እስኪላመድ ነው አሉኝ።

ያዳነኝ ለጎማ ቅያሪ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ያለ አንድ ወጣት ነው። ጎማውን ፈትቶ ወደ ውስጥ ሲመለከት ከጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ እንደ እርሳስ መስመር ቀጭን የሆነ፣ ዙሪያውን የዞረ ጭረት አሳየኝ። ሞላው ተሰብሮ ጫፉ ጎማውን መንካት የጀመረው ምናልባት በዚያው ሳምንት ነበር። በጣቴ ስዳስሰው ጭረቱ ክሩ ድረስ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ጎማ በተፈታ ቁጥር የውስጠኛውን ጎን ራሴ ሳላይ አላስገጥምም።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በመኪናችሁ ላይ ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ፣ አምራቹ ለጥገና የጠራው ጉድለት እንዳለ ተመልከቱ። አምራቹ በደኅንነት ጉድለት ምክንያት የጠራውን መኪና ያለ ክፍያ የማደስ ግዴታ አለበት፤ ይህ ግዴታ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ ለ15 ዓመት ይቆያል። መኪናው በእጃችሁ ሲገባ አሮጌ መሆኑ መብታችሁን አይቀንስም። የጥሪ ዝርዝሩ ላይ ባይኖር እንኳን የደረሰባችሁን እዚያው አመልክቱ፤ ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው የብዙ ባለቤቶች አቤቱታ አንድ ላይ ሲታይ ነው። እኔ አመልክቻለሁ፤ የስብራቱንም ፎቶግራፍ አያይዣለሁ።

---

ነዋሪ ከሰሚት (አዲስ አበባ)፣ ጥር 16

እዚህ ጨው የለም፤ የእኔ ሞላ ግን ተሰብሯል። ሰፈራችን ኮረኮንች ነው፤ መኪናዬ ሆዷን እየመታች ስላስቸገረችኝ ከፍ እንድትል በሞላው ዙሮች መካከል ላስቲክ አስገባሁ። ከስምንት ወር በኋላ የግራው ሞላ ከታች በኩል ተሰበረ። አዲስ ሞላ ውድ ሆኖብኝ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ መሸጫው ሰፈር) ብፈልግም ልኩን አጣሁ፤ አንድ ባለሙያ በያጅ «በትንሽ ዋጋ እመልሰዋለሁ» አለኝና በየዳው። የከፈልኩት የአዲሱን ሩብ አይሞላም ነበር።

19 ቀን ቆየ። መገናኛ አካባቢ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስወጣ ከብየዳው አጠገብ ተሰበረ። ጎማው አልፈነዳም፤ ነገር ግን በማግስቱ ጠዋት ሳየው ጎኑ ላይ የሎሚ ፍሬ የሚያህል እብጠት አወጣ። ጎሚስታው እብጠቱን ሲያይ ከውስጥ ለጥፎ ሊያስተካክለው እንደሚችል ነገረኝ። ማስለጠፍ አለብኝ ወይስ ጎማው ይጣል? ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) አሮጌ ስለሆነ ጨንቆኛል።

---

ባለጋራዡ (አዲስ አበባ፣ ጎተራ)፣ ጥር 16

ወንድሜ፣ ያ ጎማ ይጣል። በጎን በኩል ያበጠ ጎማ ክሩ ተበጥሷል ማለት ነው፤ አየሩን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። የሚለጠፈው ጥርሱ ላይ የተወጋ ጎማ ነው፤ የጎን ቁስል አይለጠፍም። አሮጌው ስኮርታ ጥርስ ካለውና ጎኑ ካልተሰነጠቀ ቀስ ብለው ነድተው አዲስ እስኪገዙ ያቆይዎታል።

ስለ ብየዳው ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ይህን በየቀኑ እያየሁ ነው። የቶሮንቶው ወንድማችን እንዳሉት ሞላ የሚጠነክረው በተለካ ሙቀት ነው። የብየዳ እሳት ያን ሥራ ሁሉ ያፈርሰዋል፤ ከብየዳው ግራና ቀኝ ያለው ብረት እንደ መስታወት የሚሰበር ይሆናል። የእርስዎ ሞላ ከብየዳው ላይ ሳይሆን ከአጠገቡ የተሰበረው ለዚህ ነው። ሞላ በእሳት አሙቆ መዘርጋትም፣ ማሳጠርም ከዚሁ አይለይም። ላስቲኩም ቢሆን ጥቂት ዙሮች እንዳይሠሩ ስለሚያስር፣ የቀሩት ዙሮች የሁሉንም ሸክም ይሸከማሉ። መኪና ከፍ ማድረግ የግድ ከሆነ ለዚያ ሞዴል የተሠራ፣ ረዘም ያለ ሞላ ይገዛል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ አሁን በእጃችን ያሉት መኪናዎች ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። ከመካከላቸው ከአውሮፓ ያገለገሉ ሆነው የመጡ አሉ፤ የአውሮፓን ክረምት ጨው ጠጥተው ነው እዚህ የደረሱት። እንደ እነዚህ ያሉ መኪናዎች ያሏችሁ፣ ለቦሎ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት የታችኛውን ዙር ጭቃ አስጠርጋችሁ እዩት። ያገለገለ ሞላ ስትገዙም ቀለሙ ተልጦ የዛገውን ለዋጋው ብላችሁ አትውሰዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በቤቱ ለመቀየር ለሚያስብ። ሞላው በምሰሶው ላይ ታምቆ ነው ያለው። የላይኛውን ብሎን ያለ ትክክለኛ መጨመቂያ የፈታ ሰው ሞላው እንደ ጥይት ይወጣበታል። በእኛ ሙያ እጁንና መንጋጋውን ያጣ ሰው አውቃለሁ።

---

የአፍዴራ ሹፌር፣ ጥር 17

እኔ የምነዳው የጭነት መኪና ስለሆነ ሞላ ሳይሆን ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ የብረት ንጣፎች) ነው ያለው፤ ግን ነገሩ ዘመድ ነው። ከአፍዴራ ጨው ስንጭን ውኃው ከጆንያው እየተንጠባጠበ ባሌስትራው ላይ ይወርዳል። ዝገቱ በንጣፎቹ መካከል ስለሚገባ ከውጭ አይታይም። አንድ ጊዜ የፊት ባሌስትራ መካከለኛው ብሎን ተበጥሶ አክሱሉ (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚይዘው ዘንግ) ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጎማው ከኋላው ያለውን ብረት እየነካ ነበር። ያወቅሁት መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ መኪናው ወደ ግራ ሲሄድብኝ ነው። ጨው ከጫንኩ በኋላ ንጹሕ ውኃ ባገኘሁበት የመጀመሪያ ከተማ ባሌስትራውን ሳላጥብ አላልፍም።

---

የፍራንክፈርቱ፣ ጥር 17

እዚህ ጀርመን የቤት መኪና፣ ገና አዲስ ካልሆነ በቀር፣ በየሁለት ዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለበት። ባለፈው መኸር መኪናዬን ሳስመረምር መርማሪው ከሥር ሆኖ በባትሪ ሲያይ የፊት ቀኙ ሞላ ከታች መሰበሩን አገኘ፤ እኔ ምንም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የተሰበረው ቁራጭ ከማረፊያው ሳይወጣ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ከባድ ጉድለት ተብሎ ወደቅሁ፤ አስጠግኜ እንድመለስ የአንድ ወር ጊዜ ተሰጠኝ። እኔም ቀጠሮ እስካገኝ ሦስት ሳምንት ያህል ወደ ሥራ ቀስ እያልኩ ነድቻለሁ። ጎማዬ አልተነካም። ስለዚህ ሞላ ተሰበረ ማለት ወዲያውኑ ጎማ ይቀደዳል ማለት ስላይደለ፣ ሰዎች አላግባብ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የጻፍኩት።

---

የቶሮንቶው መሐንዲስ፣ ጥር 17

ወንድሜ፣ የደረሰብዎትን በትክክል ጽፈዋል፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። የአንድ ወር ጊዜ የተሰጠዎት አስጠግነው ለመመለስ እንጂ በተሰበረው ለመንዳት አይመስለኝም። የእርስዎ ቁራጭ በማረፊያው ውስጥ የቆየው ስብራቱ ከዙሩ ጫፍ አጠገብ ስለሆነ ነው። ከዚያ ግማሽ ዙር ከፍ ብሎ ቢሰበር ኖሮ እንደ እህታችን ይሆን ነበር፤ የትኛው እንደ ደረሰብዎት ደግሞ ከመሪው ኋላ ተቀምጠው ማወቅ አይችሉም። ቁራጩም ቢሆን በአንድ ጉድጓድ ሊወድቅ ይችላል፤ ከወደቀ በኋላ ቀሪው ጫፍ ነጻ ነው። እኔ የተሰበረ ሞላ መኖሩን ካወቅሁ መኪናው በጎታች ነው የሚሄደው።

---

የፍራንክፈርቱ፣ ጥር 18

ተቀብያለሁ። ባለቤቴም መልሱን አንብባ ያንኑ ነው ያለችኝ። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ እርሷና ልጃችን አብረውኝ ነበሩ።

---

መንገደኛዋ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)፣ ጥር 21

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ትናንት ሥራው አልቆ መኪናዬን ተቀብያለሁ። ባለጋራዡ ወንድማችን ያሉትን ይዤ ሁለቱንም ሞላ አስቀይሬያለሁ። መካኒኩ ሲፈታ አጠገቡ እንድቆም ለመንኩት፤ ፈቀደልኝ። የግራውን፣ አልተሰበረም የተባለውን ሞላ ከምሰሶው ካወጣው በኋላ የታችኛውን ዙር በሽቦ ብሩሽ ሲጠርገው፣ ከቀኙ ስብራት ጋር በተመሳሳይ ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ ዝገቱ መሐል የጸጉር ያህል የቀጠነች መስመር ተገኘች። የሽቦውን ግማሽ ዙሪያ ይዛለች። በጥፍሬ ስነካት ትይዛለች። መኪናዋ ላይ እንዳለ ጭቃው ሳይጠረግ ብናየው ኖሮ ማንም አያገኛትም ነበር።

የሁለቱም የላይኛው ኩሽኔታ ተቀይሯል፤ የቀኙ በእጅ ሲዞር አሸዋ እንዳለበት ይንኮሻኮሽ ነበር። ሁለት የፊት ጎማ ገዝቻለሁ፤ በአንድ አክሱል ላይ አዲስና ያለቀ ጎማ ማድረግ በበረዶ ላይ አደገኛ ነው ብለው ስለ መከሩኝ። ከዚያ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ተሠራ። ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት ራሴ ለካሁት፤ ግራና ቀኙ በግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ይለያያሉ። ቁጥሩን በየወሩ ለማወዳደር በመኪናዋ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ። የአቤቱታ ቅጹንም ሞልቼ ከሁለቱም ሞላ ፎቶግራፍ ጋር ልኬያለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የታናሽ ወንድሜን መኪና መሪውን እስከ ዳር አዙረን፣ ጭቃውን በውኃ አጥበን፣ በባትሪ ተመለከትነው። የእርሱ መኪና ከእኔዋ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ምንም ድምፅ አሰምታ አታውቅም። የግራው ንጹሕ ነው። በቀኙ የታችኛ ዙር ላይ ግን ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ቀለሙ ተልጧል፤ ብረቱም ተቦርቡሯል። ስንጥቅ ይኑር አይኑር ሳይፈታ መለየት ስላልቻልን ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዘንለታል፤ እስከዚያ ድረስ ወደ ሥራ የማደርሰው እኔ ነኝ።